እማዬን ይዤ ዘጌ ጫካ ገባሁ፤ ስኳሯ መንገድ ላይ ወረደ

እማዬ ስለት ነበረባት። ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ ታሞ ከሞት በተረፈ ጊዜ "ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ መጥቼ ደጅሽን እስማለሁ" ብላ ተስላለች። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ሥራው፣ ኑሮው እያልን ስናዘገየው ቆየን። አንድ ቀን ግን "ጉልበቴ ሳይከዳኝ ውሰዱኝ" አለችን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ እማዬ፣ ወንድሜና እኔ ከአዲስ አበባ ተነስተን ባሕር ዳር ገባን።

እማዬ ያኔ 66 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 11 ዓመት አልፏል። ሁለት ዓይነት ኪኒን ትወስዳለች፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። እኔም ስለ በሽታው በቂ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ስኳር ሲጨምር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጣፋጭ እንዳትበላ እቆጣጠራለሁ። ሲወርድ ምን እንደሚመስል ግን አይቼ አላውቅም። ስኳር ያለባቸውን ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሳለምም ሆነ ለመጎብኘት የምትወጡ፣ እኔ በዚያ ቀን ያየሁትን እንዳታዩ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ዘጌን ላላያችሁት፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ሐይቁ የገባ ጫካ የለበሰ የብስ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ በመኪናም ይደረሳል። ጫካው የቡና ጫካ ነው። ቡናው ከላይ በዋንዛ፣ በብርብራና በእሸ ዛፍ ጥላ ተሸፍኖ ይበቅላል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። የአገሬው ሰው ይህን ሥርዓት ከጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይላሉ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ እምነት ነው። ገዳማቱ ያሉት እዚያ ጫካ ውስጥ ሲሆን ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሥዕሎቹ ከሁሉም የታወቀው ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የመጣው ጀልባ ላይ ነው። ጀልባ ነጂው "እናታችሁ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ገዳሙ ሥር ካለው መውረጃ ላድርሳችሁ፣ ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት ብቻ ነው" ብሎን ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ጫካውን በእግር ማየት ፈልጌያለሁ። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ ሃያ ደቂቃ ተራምጄ ልመለስ? አልኩ። ስለዚህ አፋፍ አውርደን፣ ከዚያ በጫካው ውስጥ በእግራችን እንሄዳለን ብዬ ወሰንኩ። አፋፍ የዘጌ ከተማ ናት። ወንድሜ ከጀልባው ጋር ዞሮ ገዳሙ ሥር ይጠብቀናል። ሻንጣውንና የምግቡን ቦርሳ "አትሸከሙ፣ እኔ ይዤው ልሂድ" አለ። ሰጠነው። ዳቦው፣ ሙዙ፣ ለስላሳው፣ የስኳር መለኪያው ሁሉ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እኔ የያዝኩት አንድ ላስቲክ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ቆሎና ስልኬን ነው።

ሁለተኛው ስህተት ግን ቀደም ብሎ ጧት ሆቴል ውስጥ ተፈጽሟል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እማዬ እንደ ልማዷ ኪኒኖቿን ዋጠች። "ቁርስስ?" አልኳት። "ጸበል ሳልጠጣ እህል አልቀምስም፣ ይህን ያህል ዓመት ጠብቄ" አለች። ክርክር አልወደድኩም። የእምነቷ ነገር ነው፣ ቶሎ እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ። ኪኒኑን በባዶ ሆዷ መዋጧ አደጋ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አልመጣልኝም። እንደርሳለን ያልኩትም ቶሎ አልሆነም። ከጀልባው ጋር በዋጋ ስንነጋገር፣ ነዳጅ ሲጠበቅ፣ ከባሕር ዳር የተነሳነው 3 ሰዓት ላይ ነው። አፋፍ ስንወርድ 4 ሰዓት አልፏል። እማዬ ኪኒኑን ከወሰደች አራት ሰዓት ሞልቷታል፤ እህል ከቀመሰች ደግሞ አንድ ሌሊት ሙሉ።

መንገዱ ሲጀምር ደስታችን ሌላ ነበር። አንድ የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ አብሮን ሆነ። መንገዱ ጠባብና ድንጋያማ ነው፤ በግራ በቀኝ ቡና ነው። በየደጃፉ ቀይ ቡና ተሰጥቷል። ጦጣዎች ከላይ ቅርንጫፍ ያርገፈግፋሉ። በዛፎቹ መካከል ጣና ብልጭ ይልና ይጠፋል። አንድ ቦታ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ የደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ይቀዝፋል። እማዬ ሳቀች። የልጅነቷን፣ አባቷ እንዴት በእግር ግሸን እንደወሰዷት ታወራለች። እኔ ፎቶ አነሳለሁ። የስልኬ ባትሪ እያለቀ መሆኑን አይቻለሁ፤ አልተውኩም።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንደሄድን እማዬ ዝም አለች።

ዝምታዋን ጸሎት ነው ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ቆይቶ ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። ጥላ ሥር ነን፤ ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው። እኔ አላላበኝም፤ እሷ ግን አንገቷ ድረስ ረጥባለች። ዳገቱ ነው አልኩ። ምርኩዙን የያዘ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዕድሜ ነው አልኩ። "ደከመሽ እማ? እንረፍ?" ስላት "ተይኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። እማዬ በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። ከፋኝ። ፊቴን አዙሬ ጥቂት እርምጃ ቀድሜያት ሄድኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። በሽታው ነበር የጮኸው፤ እኔ ግን ተቀየምኳት።

ወደ ኋላ ስዞር መንገዱን ስታ በቡናዎቹ መካከል ቆማለች። "ነይ በዚህ ነው" አልኳት። አየችኝ። ከዚያ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። "ከብቶቹ ገቡ ወይ?" አለችኝ።

እግሬ ከዳኝ። ቁጭ አደረግኳት። ውሃ ሰጠኋት። ቆሎውን አውጥቼ አፏ ውስጥ ላደርግላት ስል አስጎብኚው እጄን ያዘኝ። "እህቴ፣ እማማ ስኳር አለባቸው እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ዛሬ በልተዋል?" አልበላችም አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ነጠላ ጫማውን ጥሎ ባዶ እግሩን ሮጠ። በኋላ እንደነገረኝ አጎቱ የስኳር ታማሚ ናቸው፤ እንዲህ ሲሆኑ ሁለት ጊዜ አይቷል። እኔ 11 ዓመት አብሬያት ኖሬ ያላወቅኩትን እሱ በአንድ እይታ አወቀ።

ምን ያህል እንደቆየ እንጃ። ለእኔ አንድ ቀን ነበር። ከአንዲት አሮጊት ጋር ተመለሰ። እማማ በአንድ እጃቸው ኩባያ፣ በሌላው ማንኪያ ይዘው መጡ። በኩባያው ያለው በውሃ የተበጠበጠ ስኳር ነው። እማዬን ከጎኗ ደገፍ አድርገው "አይዞሽ እህቴ፣ ፉት በይው፣ ቀስ ብለሽ" እያሉ አጠጧት። እማዬ መዋጥ ትችል ነበር። ያ ነው ያተረፈን። ግማሹ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ገባ። እንደገና አጠጧት።

ከዚያ ጠበቅን። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። መንቀጥቀጧ ቀነሰ። ፊቷ ላይ ቀለም ተመለሰ። ዙሪያዋን አየችና "ነጠላዬን ማን አረጠበው?" አለች። እኔ አለቀስኩ። እሷ ለምን እንደማለቅስ አልገባትም፤ ያለፈውን ግማሽ ሰዓት አታስታውስም ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። ተሽሏታል፣ እንግዲህ ቶሎ እንድረስ ብዬ ልነሳ አልኩ። እማማ "እህል ሳትቀምስ ከዚህ ንቅንቅ የለም" አሉ። ቤታቸው ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ነው። አስገቡን። እንጀራ በሽሮ አቀረቡ። እማዬ "ጸበል አልጠጣሁም፣ አልበላም" ብላ እጇን ሰበሰበች። እማማ ቀና ብለው አዩዋትና "እህቴ፣ ኪዳነ ምሕረት እናት ናት። እናት ልጇን ጦምሽን ሙቺ ትላለች?" አሏት። እማዬ አቀረቀረች። ከዚያ ቆረሰች። እስክትጠግብ ድረስ ማንም አልተናገረም።

የእኔ ስልክ ጠፍቶ ነበር። አስጎብኚው በራሱ ስልክ ጀልባ ነጂውን አገኘውና ወንድሜ ቦርሳውን ይዞ በጫካው በኩል መጣ። ስኳሯን ስንለካ ከበላች በኋላም 92 ነበር። ምን ያህል ወርዶ እንደነበር መቼም አናውቅም። የስኳር መጠን ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል።

ወደ ገዳሙ የሄድነው ቀስ ብለን፣ እየተቀመጥን ነው። ወንድሜ አንድ ክንዷን፣ እኔ ሌላውን ይዘን ገባን። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቅደሱ ዙሪያውን ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። እማዬ ጫማዋን አውልቃ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ስለቷን አደረሰች። ከዚያ በሥዕሎቹ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። በላዔ ሰብእ ጋ ስትደርስ አልንቀሳቀስም አለች። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ ሰው የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው ምሕረት ያገኘው። እማዬ ሥዕሉን እያየች "በጥርኝ ውሃ" አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። "እኔም ዛሬ በኩባያ ውሃ ነው የተረፍኩት።"

እዚያ ላሉ ካህን ሁሉንም ነገርናቸው። እኔ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ለሕመምተኛ ጾም እንደማይታዘዝ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር እንዳለበት ነገሯት። ጸበሉን ረጯት። "በልተሽ መምጣትሽ ኃጢአት አይደለም እናቴ" አሏት። ይህን ከእኔ አፍ አሥር ጊዜ ብትሰማ አትቀበለውም ነበር። ወላጆቻችሁ በባዶ ሆድ ጸበል እጠጣለሁ፣ ወይም እጾማለሁ ካሉ ከእነሱ ጋር ብቻ አትከራከሩ። ከጉዞው በፊት የንስሐ አባታቸው ጋ ይዛችኋቸው ሂዱ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ጣና ተነስቶ ነበር። ጧት እንደ መስታወት የነበረው ሐይቅ ጀልባውን ያነሳና ይጥላል። ሁላችንም ረጠብን። የሕይወት ጃኬት ለብሰን ነበር፤ ያለዚያ አልሄድም ነበር። ጧት በማለዳ ሂዱ፣ ከሰዓት ሳይገፋ ተመለሱ። ይህ ለጤነኛም ይሠራል።

ባሕር ዳር እንደደረስን በቀጥታ ወደ ክሊኒክ ሄድን። ደህና ናት፣ ሆቴል ትተኛ ብለን ልንተወው ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ስትሰማ ደነገጠች። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ይሠራል አለችን። በተለይ ዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ስኳሩ አንዴ ተስተካክሎ እንደገና ሊወርድ ይችላል። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አቆየቻት። በየሰዓቱ ለካቻት። አንዴ ወደ 74 ወርዶ እንደገና ምግብ ሰጧት። ሆቴል ተኝታ ብትሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብለን እንተዋት ነበር።

ያቺ ሐኪም በእርጋታ ያስተማረችኝን ላካፍላችሁ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር አብዝቶ አያወርድም። ግሊቤንክላማይድ የመሰሉት ኪኒኖችና ኢንሱሊን ግን ምግብ ካልተበላ ያወርዳሉ። የወላጆቻችሁን የመድኃኒት ስም ዛሬውኑ እዩት፤ ሐኪማቸውንም "ይህ ስኳር ያወርዳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። በራሳችሁ ግን አንድም ኪኒን አታስቁሙ። እግር ጉዞ ራሱ ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ ኪኒኑ፣ ባዶ ሆዱና ዳገቱ አንድ ቀን ላይ ሲገጥሙ የእኛ ዓይነት ነገር ይመጣል።

ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ። ያለ ሙቀት ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረሃብ፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ መቀባጠር፣ የሚያውቁትን ሰው መሳት። ሰውዬው ራሱ "ደህና ነኝ" ሊላችሁ ይችላል። አትመኑት። መለኪያ ከሌለ ወርዷል ብላችሁ አስቡና ጣፋጭ ስጡት። ሦስት ትንንሽ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ወይም ማር። ለስላሳው ስኳር አልባ እንዳይሆን። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለ ድገሙ። ሲሻለው ምግብ ያስፈልገዋል። ቆሎና ዳቦ ለመጀመሪያው ደቂቃ አይሆኑም፤ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ በአፉ ምንም አታድርጉ፣ ውሃም ቢሆን። በጎኑ አስተኙትና ሐኪም ወዳለበት ሩጡ። እኔ ያን ቆሎ አፏ ውስጥ ጨምሬው ቢሆን ኖሮ ልትታነቅብኝ ትችል ነበር። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ሌሊት እነቃለሁ።

ስኳሩ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ይሁን። የታማሚው ኪስ ውስጥም፣ የእናንተም ኪስ ውስጥ። ቦርሳ ይቀድማል፣ ይረሳል፣ ጀልባ ላይ ይቀራል። መለኪያውም ከሰውየው አይለይ። ከቡድኑ ቢያንስ አንድ ስልክ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይቆይ።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል። አቅመ ደካማ ሰው ካለ ገዳሙ ሥር ካለው መውረጃ ውረዱ፤ ሌላዋ ገዳም አዝዋ ማርያምም በዚያው በኩል ናት፣ ሁለቱንም ሳትቸኩሉ ታያላችሁ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ። የጀልባውን ዋጋ የመጠበቂያ ሰዓቱን ጨምራችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሴቶች፣ ዘጌ ላይ ኡራና አዝዋ እንገባለን፤ በሐይቁ ደሴቶች ላይ ያሉት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንዶች ብቻ ናቸው፣ እናቶቻችሁን ተስፋ አስቆርጣችሁ እንዳትመልሷቸው። ሐይቁ ዳር ላይ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። አሁን ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ ከምንም በፊት ባሕር ዳር ያለ ሰው ደውላችሁ የአካባቢውን ሰላም ጠይቁ። ስለት ይቆያል።

አዲስ አበባ ስንመለስ የእማዬ ሐኪም መድኃኒቷን ቀየረላት። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ እማዬ ጀልባ ላይ ቁርሷን በላች። ሐይቁን እያየች እንቁላል በዳቦ። ገዳሙ ሥር ወረድን። ተሳልመን ስንጨርስ ያንን አስጎብኚ ፈልገን እማማ ቤት እንዲያደርሰን ጠየቅነው። ቡና ይወሰድላቸዋል እንዳይባል ዘጌ ቡና ሞልቷል። እማዬ አምስት ኪሎ ስኳር ይዛ ነበር። እማማ ፌስታሉን ከፍተው አዩና "ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?" አሉ። እማዬ "በዚህ መንገድ የሚያልፍ ብዙ ነው" አለቻቸው። ረከቦቱ ቀረበ፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ተቀመጥን።